ጥያቄና መልስ፦ ሎጂክ ሞዴል ለጤና ፕሮግራሞች ዕቅድና ግምገማ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው በተለያየ የሥራ ኃላፊነት ላይ ያሉ ቢሆኑም፣ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ፣ በሎጂክ ሞዴል ላይ (የአንድ ፕሮግራም ሥራ ወደሚፈለገው ለውጥ በምን መንገድ እንደሚያደርስ በሚያሳይ ሥዕል ወይም ሠንጠረዥ ላይ) በመሆኑ በዚህ እትም በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ ጤና ጣቢያ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። የደም ግፊት ሕሙማንን ለመለየትና ለመከታተል የሦስት ዓመት ፕሮግራም ቀርጸን ለለጋሽ ድርጅት ስናቀርብ «ሎጂክ ሞዴል አያይዙ» ተባልን። የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አግኝተን በአንድ ቀን ሞላነው። ለምሳሌ አንዱ ረድፍ እንዲህ ይላል፦ «ለ40 ባለሙያዎች ሥልጠና መስጠት» – «40 ባለሙያዎች ሠልጥነዋል» – «የባለሙያዎች አቅም ጎልብቷል» – «በደም ግፊት ምክንያት የሚደርስ ሞት ቀንሷል»። እውነቱን ለመናገር ከዕቅዳችን የተለየ ነገር አላየሁበትም። ይህ ሠንጠረዥ ለእኛ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ረድፉን እንዳለ ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ የጥያቄዎ መልስ የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነውና። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ዓምድ ያለው በእርግጥም ዕቅዱ በሌላ ቅርጽ የተጻፈ ነው። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ዓምድ ሲሻገር ግን ከሥልጠና አዳራሽ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሞት ቅነሳ ይዘልላል፤ በመካከሉ ያለው መንገድ አልተጻፈም። የሎጂክ ሞዴል ሥራ ያንን ያልተጻፈ መንገድ ማሳየት ነው።

መንገዱን ደረጃ በደረጃ እንየው። የሠለጠነው ባለሙያ ወደ ሥራ ገበታው ሲመለስ በትክክል የሚሠራ የግፊት መለኪያ ማግኘት አለበት። ለሌላ ሕመም የመጣውን አዋቂ ታካሚ ሁሉ ግፊቱን የመለካት አሠራር መዘርጋት አለበት። በተለያየ ቀን ሲለካ ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የተገኘ ሰው መድኃኒት መጀመር አለበት፤ መድኃኒቱም በመድኃኒት ቤቱ መኖርና የታካሚውን አቅም ያገናዘበ መሆን ይኖርበታል። ታካሚው አንዳች ሕመም ሳይሰማው፣ ለዓመታት፣ እየተመላለሰ ክትትል ማድረግ አለበት። ግፊቱ ካልወረደለትም ባለሙያው ያንኑ መድኃኒት ደግሞ ከመስጠት ይልቅ መጠኑን ከፍ ማድረግ ወይም ሌላ መድኃኒት መጨመር አለበት። ይህ ሁሉ ሲሟላ ነው የአንድ ሰው የደም ግፊት በቁጥጥር ሥር የሚውለውና ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድሉ የሚቀንሰው። «አቅም ጎልብቷል» የሚለው ሐረግ ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱንም አይነግረንም፤ ስለዚህ አንዱ ቢሰበር የት እንደተሰበረ ማወቂያ የለንም ማለት ነው።

በሎጂክ ሞዴል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓይነት ነገሮች ይጻፋሉ። የምናስገባው ገንዘብ፣ የሰው ኃይልና ቁሳቁስ ግብዓት ነው፤ የምንሠራው ሥራ ተግባር ነው፤ ከሥራው በቀጥታ የሚገኘውና የሚቆጠረው፣ ማለትም የሠለጠነው ባለሙያ ወይም የተለካው ታካሚ፣ ቀጥተኛ ውጤት ነው፤ በሰዎች ላይ የሚታየው የዕውቀት፣ የአሠራር ወይም የጤና ለውጥ «ለውጥ» ተብሎ ይያዛል፤ በረጅም ጊዜ በሕዝቡ ጤና ላይ የሚገኘው ደግሞ ዘላቂ ፋይዳ ይባላል። ተቋማት ለእነዚህ የየራሳቸው ስያሜ ስላላቸው ለጋሹ የሚጠቀምበትን ስያሜ መያዝ ምንም አይጎዳም። ዋናው ቁም ነገር ሳጥኖቹን የሚያያይዙት ቀስቶች ናቸው። እያንዳንዱ ቀስት «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል፤ ምክንያቱም…» ተብሎ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል። «ምክንያቱም» ከሚለው ቃል በኋላ የሚጻፍ ነገር ከጠፋ ያ ቀስት ምኞት ነው።

ሁሉም ቀስት እኩል ክብደት እንደሌለውም ልብ ይበሉ። የደም ግፊትን ዝቅ ማድረግ ስትሮክን እንደሚቀንስ በብዙ ሕክምናዊ ሙከራዎች የተረጋገጠ ነው፤ የእነዚህ ጥናቶች ድምር ትንተና እንደሚያሳየው የላይኛው ግፊት በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ የስትሮክ አደጋ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህን ቀስት እንደገና የማረጋገጥ ግዴታ የለባችሁም፤ ማስረጃውን ጠቅሶ ማለፍ ይበቃል። ደካማው ቀስት ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ የመጀመሪያውን ወር መድኃኒት ወስዶ የሄደው ሰው በሁለተኛው፣ በስድስተኛው፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር ተመልሶ ይመጣል ወይ? በእኔ ግምት የፕሮግራማችሁ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በዚህ ነው፤ በጀቱና የክትትሉ ትኩረትም ወደዚህ ሊያደላ ይገባል።

አሠራሩን በተመለከተ ሁለት ምክር አለኝ። የመጀመሪያው ከመጨረሻው ወደ ኋላ መጻፍ ነው። «ምን እንሥራ?» ብሎ የጀመረ ቡድን ከዚህ በፊት ሲሠራ የኖረውን ይደረድራል። «በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ በማን ላይ ምን ተለውጦ ማየት እንፈልጋለን?» ብሎ የጀመረ ግን እያንዳንዱን ተግባር ለዚያ ለውጥ አስፈላጊ መሆኑን እየጠየቀ ለመምረጥ ይገደዳል፤ አንዳንዱ የቆየ ተግባርም ያኔ ቦታ ያጣል። ሁለተኛው ምክር ሠንጠረዡን የዕቅድ ክፍሉ ብቻውን እንዳይሞላው ነው። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ በስብሰባው ላይ ቢኖር፣ የሚቀጥለው ዓመት የመድኃኒት ግዢ የሚሰላው ባለፈው ዓመት ፍጆታ ላይ ተመሥርቶ ከሆነ ይህንኑ ይናገር ነበር። ይህ ማለት ልየታው በተሳካ ቁጥር፣ አዳዲስ ታካሚዎች በበዙ ቁጥር፣ መድኃኒቱ ቶሎ ያልቃል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ነገር ገና ከጅምሩ ካልታወቀ ፕሮግራሙ በራሱ ስኬት ይሰናከላል። የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ግፊት የሚለካው ነርስ፣ በክትትል ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ታካሚዎችም እያንዳንዳቸው ሌላው የማያውቀውን አንድ ቀስት ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ ሆስፒታል የኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር አስተባባሪ ነርስ ነኝ። የእጅ ንጽሕና ፕሮግራማችን ያቀደውን ሥልጠና በሙሉ ሰጥቷል፤ ከሥልጠናው በኋላ የተሰጠው ፈተናም ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ገምጋሚዎች በየክፍሉ ተዘዋውረው ባደረጉት ምልከታ ግን የባለሙያዎቹ የእጅ ማጽዳት ልማድ ከቀድሞው ብዙም አለመለወጡን አይተው «ፕሮግራሙ አልተሳካም» ሲሉ ጻፉ። ይህን ሁሉ ደክመን እንዲህ መባላችን አግባብ ነው?

መልስ፦ ገምጋሚዎቹ የለኩት ትክክለኛውን ነገር ነው፤ የጻፉት ፍርድ ግን ጎደሎ ነው። ፕሮግራም በሁለት መንገድ ሊከሽፍ ይችላል። አንደኛው ሥራው እንደታቀደው ሳይፈጸም ሲቀር ነው። ሁለተኛው ሥራው እንደታቀደው ተፈጽሞ፣ «ይህ ከተደረገ ያ ይከተላል» የተባለው ሐሳብ ራሱ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ይህን ልዩነት የግምገማ ሊቁ ኤድዋርድ ሳችማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አስፍሮታል፤ ከእርሱ በኋላም የግምገማ ተመራማሪዋ ካሮል ዋይስ በሰፊው አብራርታዋለች። ልዩነቱን ማወቅ የሚያስፈልገው መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። አፈጻጸሙ ከጎደለ አፈጻጸሙን ማጠናከር ይገባል፤ ሐሳቡ ከጎደለ ግን ያንኑ ሥልጠና በእጥፍ መስጠት ገንዘብ ማባከን ብቻ ይሆናል።

እንደነገሩን ከሆነ የእናንተ ችግር ሁለተኛው ነው። በሎጂክ ሞዴላችሁ ላይ «ባለሙያው ያውቃል» ከሚለው ሳጥን ወደ «ባለሙያው እጁን ያጸዳል» ወደሚለው ሳጥን የሚሄደው ቀስት በዕውቀት ላይ ብቻ የቆመ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የእጅ ንጽሕና ማሻሻያ ስትራቴጂ ግን አምስት አካላት አሉት፤ የአቅርቦትና የአሠራር ለውጥ፣ ሥልጠና፣ ክትትልና ግብረ መልስ፣ በሥራ ቦታ የሚለጠፉ ማስታወሻዎች፣ እንዲሁም ከአመራሩ ጀምሮ ለደኅንነት ዋጋ የሚሰጥ ተቋማዊ ባህል። ሥልጠና ከአምስቱ አንዱ ነው።

በአንድ ፈረቃ ላይ ያለች ነርስ የምትገጥማትን ነገር በቁጥር እንመልከተው። እጅ መጽዳት ያለበት ታካሚን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ከመነካካት በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላ፣ በታካሚው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ ነው። እነዚህ አጋጣሚዎች በአንድ ፈረቃ ተደምረው 60 ደረሱ እንበል። በሳሙናና በውሃ መታጠብ በየጊዜው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ስለሚወስድ በድምሩ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይሆናል፤ የእጅ መታጠቢያው ከክፍሉ ውጭ ከሆነ ደግሞ የመመላለሻው ጊዜ ይጨመርበታል። በአልኮል ማሸት ግን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ስለሚወስድ፣ ጠርሙሱ ከአልጋው አጠገብ ካለ፣ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ጠርሙሱ ከአልጋው አጠገብ በሌለበት ሁኔታ ነርሷ ፈተናውን መቶ በመቶ ብታልፍም ዕውቀቷን በተግባር የምታውልበት ጊዜ የላትም። «አልኮሉ በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ሳይቋረጥ ይኖራል» የሚለው ታሳቢ በሞዴሉ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ለማረጋገጥ የዓመቱን ግምገማ መጠበቅ ባላስፈለገ ነበር፤ በመጀመሪያው ወር ክፍሎቹን ዞሮ ጠርሙሶቹን ማየት ይበቃል።

ስለዚህ ለሪፖርቱ በምትሰጡት ምላሽ ሥልጠናው መሰጠቱን በመከላከል አትድከሙ፤ ማንም አልካደውም። ይልቁንም ሰንሰለቱ የተበጠሰበትን ቦታ አሳዩ፦ ባለሙያዎቹ ሠለጠኑ፣ ዕውቀት ጨመረ፣ አቅርቦቱ በእነዚህ ክፍሎች አልነበረም፣ ግብረ መልስም አልተሰጠም። እንዲህ ያለ ምላሽ ለሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥያቄ ጠንካራ መነሻ ይሆናል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰዎች እየታዩ መሆናቸውን ሲያውቁ ከወትሮው በላይ እጃቸውን ስለሚያጸዱ በግልጽ ምልከታ የተገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ግምገማው «አልተለወጠም» ያለውን ስትመዝኑ ይህንንም ከግምት አስገቡ።

ጥያቄ፦ ሎጂክ ሞዴል፣ ሎግፍሬምና የለውጥ ንድፈ ሐሳብ ተብለው የሚጠሩት አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? የፕሮጀክት ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንዱ ለጋሽ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይጠይቀናል።

መልስ፦ ዘመዳሞች ናቸው። ሎግፍሬም እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅት የተዘጋጀ ሲሆን አራት ረድፍና አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ ከእያንዳንዱ የውጤት ደረጃ ጎን አመልካቹን (ውጤቱ የሚለካበትን ምልክት)፣ የመረጃ ምንጩንና ታሳቢውን ያስቀምጣል። ለውልና ለክትትል ይመቻል። የለውጥ ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋ ሲሆን ትኩረቱ ለውጡ ለምንና እንዴት ይመጣል በሚለው ማብራሪያ ላይ ነው። ሎጂክ ሞዴል በሁለቱ መካከል የሚገኝ፣ በአንድ ገጽ የሚታይ ሥዕል ነው ማለት ይቻላል። ለሦስት ለጋሽ ሦስት የተለያየ ሐሳብ አትጻፉ። ቀስቶቹን በሙሉ ዓረፍተ ነገር የጻፋችሁበት አንድ ጥሩ ሎጂክ ሞዴል ካላችሁ ሌሎቹ ከእርሱ ይወጣሉ።

ጥያቄ፦ የአንድ ጤና ፕሮግራም ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የክትትልና ግምገማ ሠንጠረዣችን 64 አመልካቾች አሉት። ሠራተኞቼ ከሚሠሩበት ጊዜ የሚሞሉበት ጊዜ እየበለጠ መጥቷል። ስንት አመልካች ይበቃል? የትኛውን እናስቀር?

መልስ፦ ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም፤ ለምርጫው ግን መመሪያ አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የፕሮግራም ግምገማ ማዕቀፍ ስድስት ደረጃዎች አሉት፦ ባለድርሻ አካላትን ማሳተፍ፣ ፕሮግራሙን መግለጽ፣ የግምገማውን ትኩረት መወሰን፣ ተአማኒ ማስረጃ ማሰባሰብ፣ መደምደሚያውን በማስረጃ መደገፍ፣ ውጤቱ ጥቅም ላይ መዋሉን ማረጋገጥ። ሎጂክ ሞዴል የሚዘጋጀው በሁለተኛው ደረጃ ሲሆን መረጃ የሚሰበሰበው በአራተኛው ነው። በመካከሉ ያለው ሦስተኛው ደረጃ፣ ማለትም «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ማወቅ ያለብን የትኛውን ነው?» የሚለው ውሳኔ፣ የተዘለለ ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሁለት አመልካች ሲታደል 64 መድረስ አያስቸግርም።

ሞዴላችሁን ዘርጉና ጥርጣሬ ያለባቸውን ቀስቶች ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ አመልካች አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ይህ ቁጥር በጣም ዝቅ ብሎ ቢገኝ ማን ምን ያደርጋል? መልስ የሌለው አመልካች ከሠንጠረዡ ሊወጣ ይችላል። በሌላ በኩል ሕግ ወይም የመንግሥት የሪፖርት ሥርዓት የሚያስገድዳቸውን በነበሩበት መተው ግድ ነው፤ እነርሱን ለውሳኔ ከምትጠቀሙባቸው ለይታችሁ ያዙ።

ከአመልካቾች ብዛት ይልቅ ግን አብዝቶ የሚያሳስበኝ አሰላላቸው ነው። ምሳሌ ልውሰድ። አንድ የደም ግፊት ክትትል ክሊኒክ ሕክምና የጀመሩ 400 ታካሚዎችን መዝግቧል። ከስድስት ወር በኋላ ባለው ሩብ ዓመት ለክትትል የመጡት 250 ናቸው፤ ከእነርሱ ውስጥ 175ቱ ግፊታቸው ከ140 በ90 በታች ሆኖ ተገኝቷል። የቁጥጥሩ መጠን ስንት ነው? 175ን ለመጡት 250 ብናካፍል 70 በመቶ እናገኛለን፤ ለተመዘገቡት 400 ብናካፍል ግን 44 በመቶ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ስሌት ያልመጡት 150 ሰዎች ከሂሳቡ ወጥተዋል። እንዲያውም በዚህ ስሌት መሠረት ጠፍቶ የሚቀረው ታካሚ ግፊቱ ያልወረደለት ከሆነ፣ ብዙ ሰው በጠፋ ቁጥር የፕሮግራሙ ውጤት እየተሻሻለ የሄደ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልብና የደም ሥር በሽታዎች ባዘጋጀው ኸርትስ በተባለው የአሠራር ጥቅል የስድስት ወር ቁጥጥር የሚሰላው ከስድስት ወር በፊት በነበረው ሩብ ዓመት ከተመዘገቡት ሁሉ ነው፤ ያልመጣ ሰው ቁጥጥር ሥር እንዳልዋለ ይቆጠራል። ይህ ስሌት ለሪፖርት አያምርም፤ ነገር ግን በሎጂክ ሞዴሉ ላይ ደካማ የሆነውን ቀስት በቀጥታ ያሳያል። ሠንጠረዡን ከማሳጠራችሁ በፊት እያንዳንዱ አመልካች ከማን ውስጥ እንደሚሰላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍለት። ይህን መጻፍ ያልተቻለለት አመልካች ብዙውን ጊዜ ማንም በትክክል ሲሰበስበው የማይገኝ ነው።

ጥያቄ፦ የሕብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የምገመግመው የእናቶች ጤና ፕሮጀክት 50,000 ያህል ነዋሪዎች ባሉበት አካባቢ የሚሠራ ሲሆን ግቡ «በሦስት ዓመት የእናቶችን ሞት በ30 በመቶ መቀነስ» ነው። መምህሬ «ይህን ልትገመግመው አትችልም» አሉኝ። ዋናው ግብ ካልተገመገመ ታዲያ ምን እገመግማለሁ?

መልስ፦ መምህርህ ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱን በቁጥር ብታየው ይበልጥ ግልጽ ይሆንልሃል። በ50,000 ሕዝብ ውስጥ በዓመት 1,500 ሕፃናት ይወለዳሉ፣ የእናቶች ሞትም ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 200 ነው ብለን እናስብ። በዚህ ስሌት በዓመት የሚጠበቀው ሞት ሦስት ነው። እያንዳንዱ ሞት ሊደርስ የማይገባው ጥፋት ቢሆንም፣ ይህን ያህል ትንሽ ቁጥር ፕሮግራሙ ምንም ሳይለወጥ በአጋጣሚ ብቻ በአንዱ ዓመት አንድ፣ በሌላው አምስት ሊሆን ይችላል። የ30 በመቶ ቅናሽ ማለት ደግሞ ከሦስት ወደ ሁለት መውረድ ነው። ይህን ልዩነት ከአጋጣሚ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ከዚህም ሌላ በእነዚያ ሦስት ዓመታት መንገድ ሊሠራ፣ የደም ባንክ ሊከፈት፣ የሌላ ድርጅት ፕሮጀክት ሊገባ ይችላል።

ሞትን መቀነስ ከሞዴሉ አይወጣም፤ ፕሮጀክቱ የተቋቋመበት ምክንያት ነውና በዘላቂ ፋይዳነት በመጨረሻው ሳጥን ይቀመጣል። ነገር ግን ፕሮጀክቱ በራሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ወሰን ከዚያ በፊት ይሰመራል። ከእናቶች ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ አንዱ ነው። ልጁ እንደተወለደ ኦክሲቶሲን የተባለውን መድኃኒት በመርፌ መስጠት ይህን የደም መፍሰስ እንደሚከላከል አስቀድሞ የተረጋገጠ ስለሆነ ያንን ቀስት አንተ አታረጋግጥም። የአንተ ጥያቄዎች ወደ ኋላ ያሉት ናቸው፦ በጤና ተቋም ከወለዱት እናቶች መካከል መርፌው በጊዜው የተሰጣቸው ምን ያህል ናቸው? መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ ነበር ወይ? ከቅዝቃዜ ውጭ የቆየ ኦክሲቶሲን ኃይሉን ያጣል፤ መዝገቡ «ተሰጥቷል» ቢልም እናቲቱ የተጠበቀውን ጥበቃ ላታገኝ ትችላለች። ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ወደ ሆስፒታል ስትላክ ከውሳኔው እስከ መድረሷ ስንት ሰዓት ፈጀ? ከ50,000 ሕዝብም ቢሆን ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መረጃ ይገኛል፤ በዓመት 1,500 ወሊድ አለና።

በመጨረሻ «ለውጡን ያመጣው ፕሮጀክቱ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይቀርብሃል። ማነጻጸሪያ አካባቢ ማግኘት ካልቻልክ ጆን ሜይን የተባለው የግምገማ ባለሙያ ያዳበረው የአስተዋጽኦ ትንተና ይረዳሃል። በዚህ ዘዴ ሎጂክ ሞዴሉን ይዘህ፣ ተግባሩ መፈጸሙን፣ በየደረጃው ይጠበቅ የነበረው ለውጥ በቅደም ተከተል መታየቱን፣ ሌሎች ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችም ለውጡን ብቻቸውን ማስረዳት አለመቻላቸውን አንድ በአንድ ትመረምራለህ። የሚገኘው መደምደሚያ «ፕሮጀክቱ ብቻውን አመጣው» የሚል አይደለም፤ «ፕሮጀክቱ አስተዋጽኦ አድርጓል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አለ» ወይም «የለም» የሚል ነው። ሌሎቹን ምክንያቶች በቅንነት ከፈለግካቸው ለመመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። ይህ የመጨረሻው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ወደ ዳር አትግፋው፤ የአካባቢውን የጤና ኃላፊዎችና ሌሎች ድርጅቶችን ገና መረጃ ስትሰበስብ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራማችን ከተጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሥራው በመጀመሪያው ሎጂክ ሞዴል ላይ ከተጻፈው በብዙ መንገድ ተለውጧል። ሞዴሉን ብንቀይረው ገምጋሚዎች «ግባችሁን ለውጤታችሁ አመቻቻችሁ» ይሉናል ብለን ፈራን።

መልስ፦ ሥጋታችሁ መሠረት አለው፤ ሆኖም የማትሠሩትን የሚገልጽ ሞዴል ይዞ መገምገም ከዚያ የባሰ ነው። ቀይሩት፤ አሮጌውን ግን አትደምስሱት። እያንዳንዱ ቅጂ ቀን ይጻፍበት፤ ምን እንደተቀየረ፣ በምን ማስረጃ እንደተቀየረ፣ ማን እንደወሰነ ከሥሩ በሁለት በሦስት መስመር ይመዝገብ። ተግባራትንና ቀስቶችን በተማራችሁት ልክ ማስተካከል ትክክል ነው። በለውጥ ደረጃ የተቀመጠውን ዒላማ ዝቅ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን ካደረጋችሁ ከለጋሹና ከተጠቃሚዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍራችሁ፣ የመጀመሪያውንም ዒላማ በሪፖርቱ ላይ ጎን ለጎን አሳዩ። ለክለሳው አመቺ ጊዜ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊት ያለው ነው። ከበጀት በኋላ የሚደረግ ክለሳ ገንዘቡ በቀድሞው መስመር ስለሚሄድ በወረቀት ላይ ይቀራል።